አክስት ሾኔድ ብረቱን የጠለዙ ዕለት

ቹቡት ሸለቆ፣ ፓታጎኒያ
ሚያዝያ 1889

ይድረስ በአበርኬሪ ከተማ፣ ዌልስ፣ ለሚኖሩት ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሾኔድ፤

ሳንተዋወቅ በደብዳቤ ስለደፈርኩዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሰማዩ ጌታ ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ ጥሩ ጎረቤቱንም አያሳጣዎት። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን። እናቴን ግን ካጣናት ሦስት ክረምት አለፈ።

ኔስት እባላለሁ፤ የአጎትዎ ልጅ የኢቴል ፒው ልጅ ነኝ። ከአገር ስንወጣ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። ከዚያ አገር የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ መርከቡ ስንጓዝ በእርስዎ ከተማ በኩል አለፍን መሰለኝ፣ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ የቆመ ባለ ግንብ ትልቅ ሕንፃ አሳየኝና «ይሄ የኛ ነው» አለኝ። እኔ ቤታችን መስሎኝ «ታዲያ ለምን ትተነው እንሄዳለን?» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ይህን እስክትሞት ድረስ እያወራች ስትስቅ ኖራለች።

አሁን ኮሌጅ መሆኑን አውቃለሁ። የድንጋይ ፈላጩም፣ የእረኛውም፣ የገረዷም መዋጮ በየጸሎት ቤቱ ተሰብስቦ የቆመ፣ የዌልስ ሕዝብ የራሱ ኮሌጅ ነው ይላል አባቴ። ከዚህ በላይ ግን ሲጠየቅ አያውቅም። ስለዚህ እርስዎን ልጠይቅ። ውስጡ ምን አለ? ለሆቴልነት ነው የተሠራው የሚሉት እውነት ነው? ማዕበል መስኮቱን ይመታዋል? ሴት ልጅስ ታስተምራላችሁ ቢባል በሩን ይከፍታሉ?

የምጠይቀው ለወሬ ያህል አይደለም። እኔ ዕጽዋት እሰበስባለሁ። አደርቃቸዋለሁ፣ እጠርዛቸዋለሁ፣ ስም የሌላቸውን ስም አወጣላቸዋለሁ። እዚህ ግን ይህን የሚያስተምረኝ ሰው የለም። ሰባኪያችን አንዱን አበባ ሳሳየው «ጌታ ነው የፈጠረው» አለኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ አድርቄ ልኬያለሁ። ፍሬው ሲበሉት ምላስን ያጠቁራል። እሾሁ እንዳይወጋዎት።

አክባሪዎ፣ ኔስት ፒው


አበርኬሪ
ሐምሌ 1889

ለልጄ ለኔስት፤

እግዚአብሔር ከዚያ ከጎርፍና ከድርቅ አገር ይጠብቅሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ ያሳርፍ። ደብዳቤሽ ሲመጣ ድንች እየላጥኩ ነበር። ድንቹን ጥዬ ቁጭ አልኩ። ኢቴል ልጅ አለው! የጫማውን ማሰሪያ እኔ የማስርለት ኢቴል!

እሾሁ ወግቶኛል። ሳላነብ ነው እጄን የከተትኩት። የእኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው።

ስለ ኮሌጁ ጠየቅሽኝ፤ እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ ዝም አልልም። አዎ፣ ሆቴል ሊሆን ነበር። አንድ ባቡር የሚዘረጋ ሰው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ባሕር ሊታጠብ በባቡር ይጎርፋል ብሎ አሰበና ግንብ ላይ ግንብ፣ መስኮት ላይ መስኮት ደረደረ። እንግዳው ሳይመጣ ዕዳው መጣ። ሳያልቅ ቆመ። እርግብ ሰፈረበት። ከዚያ የእኛ ሰዎች ገዙት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አይደል የሚባለው? ቡና ቤት ሊሆን በተሠራው ክፍል ዛሬ ግሪክኛ ይማሩበታል። ሰባኪያችን ይህን ባነሳ ቁጥር ራሱ ያፈረሰው ይመስል ፊቱ ይበራል።

ማዕበሉ መስኮቱን ብቻ አይደለም የሚመታው። በክረምት ጠጠሩን አንስቶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ይጥለዋል። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ተቃጠለ። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ወጣ፤ ከመጻሕፍት ቤቱ እስከ ባሕሩ ዳር ተሰልፈን መጻሕፍቱን ከእጅ ወደ እጅ ስናሳልፍ ዋልን። ከጎኔ የነበረው ዓሣ ሻጭ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲያቀብለኝ «ይሄን የሚያነበው ሰው ጤነኛ ነው?» አለኝ። እኛ ያዳንናቸው መጻሕፍት ዛሬም ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ ይላሉ ተማሪዎቹ።

ሴት ደግሞ መግባት ጀምራለች። አንዷ እኔ ቤት ናት። እኔ ባሌ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ ተማሪ አከራያለሁ። የዚህ ከተማ ደንብ እንዴት መሰለሽ? ክፍሉ የእኔ፣ ምግቡ የራሳቸው። እናቶቻቸው ከገጠር ቅቤውን፣ የጨው ሥጋውን፣ ዳቦውን በሣጥን ይልካሉ። እኔ ስም እየጻፍኩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥና ለእያንዳንዱ የራሱን እሠራለታለሁ። አንዱ ምድጃ ላይ አራት ድስት! «የኔ ቅቤ ጎደለ» የሚል ጠብ በየሳምንቱ አለ። የሰው ቅቤ እንደማልነካ ግን ጠላቴም ይመሰክራል።

ያችኛዋ ተማሪ ኦልዌን ትባላለች። የባሕር ሣር ፊት መታጠቢያዬ ውስጥ ዘፍዝፋ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። እሾህሽን ስታይ ጮኸች። እሷንም የወጋት መስሎኝ ነበር። ይዛው ወደ ፕሮፌሰር ሮደሪክ ሮጠች። እሱም አገላብጦ አይቶ «ይህን እንዲህ አድርጋ ያደረቀችው ልጅ እዚያ ምን ትጠብቃለች? ለሩቅ አገር ልጅ ኮሌጁ ነፃ ቦታ ይሰጣል። ፈተናውን ትለፍና ትምጣ» ብሏል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ነው ፈተናው።

ይኸው ነገርኩሽ። አባትሽ ምን ይላል?

አክስትሽ ሾኔድ

ይህን ረስቼ፦ ከባሕሩ ዳር መንገድ ጫፍ ላይ የብረት አጥር አለ። ተማሪዎቹ እዚያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ብረቱን በጫማቸው ጠልዘው ይመለሳሉ። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ሳይጠልዙ አይመለሱም። የከተማው ሰው አይጠልዝም፤ የተማሪ ነገር ነው። ለምን እንደሚጠልዙ ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ቀን የለም።


ቹቡት ሸለቆ
ኅዳር 1889

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሾኔድ፤

የማይደክም ጉልበትና የማይጎድል ቅቤ ይስጥዎት። ደብዳቤዎን ከማንበቤ ብዛት እጥፋቱ ተቀደደ።

አባቴ መጀመሪያ አካፋውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል የመስኖ ቦይ ሲጠርግ ከረመና አንድ ጠዋት «ሂጂ። የሌላ ሰው ትምህርት ቤት ቢሆን እግርሽን አላስነሳሽም ነበር። የራሳችን ነው። በራሳችን አፍ የሚያስተምር» አለኝ። ሸለቆው በሙሉ ሰምቷል። የመዘምራኑ መሪ ደግሞ መርከብ ድረስ እየዘመርን እንሸኛታለን ብሎ ከወዲሁ ልምምድ ጀምሯል። የድምፁን ነገር ባያነሱብኝ እመርጣለሁ።

አሁን ጥያቄዎቼ። ለምንድን ነው ብረቱን የሚጠልዙት? እንዴት መልስ ይጠፋል? ለመልካም ዕድል ነው? ለቁጣ ነው? የመጀመሪያው ሰው ማን ነበር? እባክዎ ኦልዌንን ይጠይቁልኝ።

ሁለተኛ፣ የፈተናው ነገር። እያጠናሁ ነው። ሒሳቡን ሰባኪያችን ይረዳኛል። ለዕጽዋት ደግሞ ሦስት መቶ ያህል የዌልሽኛ ስሞች አዘጋጅቻለሁ፣ ግማሾቹን ከእናቴ ነው የሰማሁት፣ ግማሾቹን ራሴ ነኝ ያወጣኋቸው። ፕሮፌሰር ሮደሪክ ለአበባ ዱቄት የሚለው የትኛውን ቃል ነው? የሰሜኑን ዌልሽኛ ነው የሚወደው የደቡቡን? ጽሑፉስ እንደ መጽሐፍ ቅዱሳችን ረዘም፣ ክብድ ያለ ይሁን ወይስ እንደምናወራው? አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የሚያሳፍር እንዳይሆን ብዬ ነው። ስፓኒሽም እችላለሁ፤ ከመንግሥት ሰዎች ጋር የምንነጋገረው በእሱ ነው፤ ግን እናንተ ዘንድ አያስፈልገኝም።

መልስዎን እንደ ዝናብ እጠብቃለሁ።

ኔስት


አበርኬሪ
ግንቦት 1890

ለልጄ ለኔስት፤

ሰላምና ትዕግሥት ይስጥሽ። ትዕግሥቱን ትፈልጊዋለሽ።

ለምን ዘገየሽ ብትይኝ አልታመምኩም፣ ቀለምም አላለቀብኝም። ደብዳቤሽ ከገና በኋላ ደርሶኛል። አነበብኩት። «የሰሜኑን ዌልሽኛ ነው የሚወደው የደቡቡን» የሚለው ላይ ስደርስ አጣጠፍኩት። መደርደሪያው ላይ ከቅቤዎቹ ኋላ ደበቅኩት። በየጠዋቱ ቅቤ ላወጣ ስል ያየኛል።

ልጄ፣ ኮሌጁ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የዌልሽኛ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር አለን፣ እሱም ዌልሽኛን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ። በረኛው ዌልሽኛ ይናገራል፣ ወለል የምትወለውለው ትናገራለች፣ ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ይናገራሉ፣ አንዳንዱ ፕሮፌሰርም ቤቱ ሲገባ ይናገራል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ነው።

ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርሽኝም ትይኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ? ባሕሩ ጨው ነው ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አለ? እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቅ ሰው በዚህች ምድር አለ ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ሳስበው አባትሽ ይህን ሕንፃ ያየው ከውጭ ነው። መዋጮውን የሰጠው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው፤ ጸሎት ቤት ደግሞ ሁሉን ነገር በዌልሽኛ ነው የሚናገረው። ከየት ይወቀው?

እኔም እንግሊዝኛ አልችልም። «ጫማህን ጥረግ» እና «ቅቤው የሱ ነው» ማለት እችላለሁ። ለኪራይ ይበቃኛል።

ለአባትሽ እንዴት እንደምትነግሪው አላውቅም። እኔ ብሆን ከእራት በኋላ እነግረው ነበር።

ሾኔድ


ቹቡት ሸለቆ
ነሐሴ 1890

ለወይዘሮ ሾኔድ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤናዎን እመኛለሁ።

ለአባቴ ነገርኩት። «እዚህ ድረስ ባሕር ያቋረጥነው ልጆቻችን በዚያ ቋንቋ እንዳይለምኑ ነው» አለ። ከዚያ ስለ ኮሌጁ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለ። የመዘምራኑ መሪ ሽኝቱን ለሌላ ሰው ሰርግ አዛውሮታል።

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ እጅ የቆመ ቤት በእኛ አፍ ካላስተማረ፣ «የእኛ» የሚሉት የቱን ነው? ግንቡን?

ሰማንያ የሚሆኑ ዕጽዋት አድርቄ ነበር። በሣጥን ውስጥ ናቸው።

ኔስት ፒው


አበርኬሪ
ጥቅምት 1890

ለኔስት፤

«ለወይዘሮ ሾኔድ» ብለሽ መጻፍሽን አይቻለሁ። አክስትነቴን ቀማሽኝ ማለት ነው። ይሁን፣ እስክትመልሺልኝ ድረስ አንቺን «ልጄ» ከማለት ግን አልቆጠብም። ጌታ ቁጣሽን ያብርደው፤ ጨርሶ ግን አያጥፋው።

ያቺ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳችኝ። ግንቡን ነው የምትሉት? ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው እዚያ ሕንፃ ጥላ ሥር ስኖር፤ ከቃጠሎው ቀን በቀር ደረጃውን ወጥቼ አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት የእሑድ ቆቤን አድርጌ ወጣሁ።

በረኛው ቅርጫቴን አይቶ፣ «እትዬ፣ ዓሣ በጓሮ በር ነው የሚገባው» አለኝ።

«ዓሣ አልያዝኩም፤ ጥያቄ ነው የያዝኩት።»

«ጥያቄም በጓሮ ነው።»

«የኔ ጥያቄ በፊት በር ነው የሚገባው። አባቴ ለዚህ በር አዋጥቷል። የትኛው ሳንቃ የሱ እንደሆነ ልፈልግ ወይስ ታስገባኛለህ?»

ሳቀና አስገባኝ። የጳውሎስ ልጅ ነው፣ ከታች ሰፈር፤ እናቱን አውቃታለሁ።

ፕሮፌሰር ሮደሪክ ወፍራም፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ኪሱ ሁሉ ቅጠል የሆነ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ጀመረኝ። እኔ ዝም ብዬ አየሁት። ወዲያው በዌልሽኛ፣ ያውም በገጠር ዌልሽኛ፣ «ይቀመጡ እማማ፤ ያንን ወንበር ግን አይደለም፣ ሙጃ አለበት» አለኝ።

ነገርኩት። ያቺ የእሾሁ ልጅ ዌልሽኛና ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛ የላትም፤ በምትችለው ፈትናት አልኩት። «አልችልም፤ ፈተናው የኔ አይደለም፤ ከለንደን ነው የሚመጣው» አለኝ። «ታዲያ ይሄ የማነው?» ብዬ በጣቴ ግድግዳውን አንኳኳሁ። ከኪሱ አንድ ቅጠል አውጥቶ አገላበጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ ወደዚህ ስመጣ ከእንግሊዝኛ አዎና አይ ብቻ ነበር የማውቀው። የመጀመሪያውን ዓመት ለሁሉም አዎ ስል ከረምኩ። ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ከእርስዎ ጋር በዌልሽኛ አወራለሁ። በሩ ጠባብ ነው፤ እኔ አልሠራሁትም። የገቡት ሲበዙ ግን ይሰፋል። ትምጣና ትግፋው።»

መልስ ነው አልልሽም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩልሽ። እንግሊዝኛ ትማር፣ ፈተናውን ትውሰድ፣ ቦታው ይጠብቃታል አለ።

አሁን ስለ አባትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እሱ እንዳልነገረሽ እርግጠኛ ነኝ፤ እሱ ስለ ራሱ አይናገርም።

በእኛ ጊዜ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ ዌልሽኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ትንሽ እንጨት በገመድ ይንጠለጠልበት ነበር። እንጨቱ ያለበት ልጅ ሌላውን ዌልሽኛ ሲናገር ከሰማ ያወልቅና ለዚያ ልጅ ያጠልቅለታል። ማታ ደወል ሲደወል እንጨቱ የተገኘበት ይገረፋል። እንግዲህ እርስ በርሳችን እንድንጠባበቅ አድርገው ነው ያስተማሩን። አንድ ቀን እንጨቱ ኢቴል ጋ ነበር። ሊደወል ትንሽ ሲቀረው የመምህሩ ድመት ከመስኮት ወደቀች፤ እኔ ደግሞ ይህ አፌ አይዘጋም፣ «ድመቷ ሞተች!» ብዬ ጮህኩ። በዌልሽኛ። ኢቴል አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ልጁ ሁሉ ዞሮ አየው። እጁን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ኢቴል ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጆሮ የሌለው ሰው መሰለ።

ተገረፈ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም። አባትሽ እንግሊዝኛን የሚጠላው ቋንቋ ስለሆነ አይደለም። አንገቱ ያስታውሰዋል።

እንደፈለግሽ አድርጊው። ሣጥኑን ግን ብል እንዳይበላብሽ።

አክስትሽ (ብትወጂም ባትወጂም) ሾኔድ


ቹቡት ሸለቆ
የካቲት 1891

ለውድ አክስቴ፣ ለአክስቴ ለሾኔድ፤

አክስትነትዎን ከነወለዱ መልሻለሁ። አምላክ አፍዎን አይዝጋብን።

ደብዳቤዎን ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ስለ ኮሌጁ አይነሳም ስላለ፣ «ስለ ድመት ነው» ብዬ ጀመርኩ። የልጓም ማሰሪያ እየሰፋ ነበር። እንጨቱ ጋ ስደርስ መርፌው ቆመ። አንብቤ ስጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ፣

«ድመቷ ግን አልሞተችም» አለ።

«ምን?»

«አልሞተችም። ሾኔድ ሁሌም ታጋንናለች። በአንድ እግሯ ብቻ ነው ያነከሰችው።» ተነሥቶ ወደ ቦዩ ወጣ።

ለእራት ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ነፋሱ ነው አለ። እኔም ነፋሱ ነው አልኩ። ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርስ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ አንገቴ ላይ አሰሩብኝ። አንቺ በእጅሽ የምታነሺው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሂጂ። ግን ተምረሽ ስትመለሺ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ የማንንም ልጅ አንገት እንዳትነኪ።»

አለቀስኩ፣ አክስቴ። አሁንም ስጽፍልዎ ያለቅሰኛል።

የባቡር ኩባንያው መጋዘን ኃላፊ ሚስት እንግሊዛዊት ናት። በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ እማራለሁ። በልውውጡ እኔ እሷን ስፓኒሽ አስተምራታለሁ፤ ገበያ ላይ ሁሉም ያታልላታል። ይህ እንግሊዝኛ የሚሉት ጉድ ነው፤ ሲጽፉት ሌላ፣ ሲያነቡት ሌላ። ቢሆንም እየጣመኝ መጣ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

በሰኔ መርከብ አለ። ሊቨርፑል ላይ የእኛ ሰባኪ ዘመዶች አሉ፤ ዌልሾች ናቸው። ልጆቻቸውን እየጠበቅኩ የማታ ትምህርት እገባለሁ። ፈተናውን እዚያው ሊቨርፑል መውሰድ ይቻላል ብለውኛል።

የብረቱን ነገር አልመለሱልኝም። ለምንድን ነው የሚጠልዙት?

የእርስዎ ኔስት


ሊቨርፑል
ሰኔ 1892

ለአክስቴ ለሾኔድ፤

እዚህ ከደረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እርስዎ ጋ ለመድረስ የቀረኝ የአንድ ቀን ባቡር ነው፤ አሁንም አልመጣሁም። ለምን እንዳልመጣሁ ያውቃሉ። ተማሪ ሳልሆን ሕንፃውን ከውጭ ማየት አልፈለግሁም። ከውጭ አንዴ አይቼዋለሁ፤ ከውጭ ስላየነው ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

ፈተናውን ትናንት ጨረስኩ። ሒሳቡ ደህና ነው። ዕጽዋቱ ላይ ወረቀት አልበቃኝም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን… «ስለ አንድ የሕዝብ ሕንፃ ጻፉ» ነበር ያለው። ስለ የትኛው እንደጻፍኩ ይገምቱ። ከስሕተቱ ብዛት ፈታኙ ቀይ ቀለም ያልቅበታል። እሱን ካላለፍኩ ሌላው ዋጋ የለውም፤ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል፤ ወደ ሸለቆው እመለሳለሁ። አባቴ በነሐሴ መልስ ይጠብቃል፤ ሁለተኛ ዓመት ልጠብቅ ብለው አይፈቅድልኝም፤ እኔም አልጠይቀውም።

ያለፉት ሰዎች ስም የሚለጠፈው ኮሌጁ በር ላይ ነው ይላሉ። እርስዎ ያዩልኛል? ብቻ አንድ ነገር ልለምንዎት። ካለሁበት፣ እስክመጣ ድረስ ብረቱን ይጠልዙልኝ። ከሌለሁበት ምንም አይጻፉልኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ደብዳቤ ካልመጣ ይገባኛል።

ኔስት


አበርኬሪ
ሐምሌ 1892

ልጄ፣

ሰላምታውን በኋላ።

ወረቀቱ ዛሬ ረፋድ ላይ ወጣ። ኦልዌን «ላንብብልዎ፣ በእንግሊዝኛ እኮ ነው» ብላ ተከተለችኝ። «ተይኝ» አልኳት። ተማሪው ተገፋፍቶ ቆሟል። በረኛው፣ ያ የጳውሎስ ልጅ፣ አይቶኝ «ለእትዬ ሾኔድ መንገድ ልቀቁ፣ በሩ የአባቷ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዞሮ ሳቀብኝ። ግን ለቀቁልኝ።

ከላይ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው ለእኔ ኮተት ነው። ወረድኩ። መሃል ደረስኩ፣ የለሽም። ከታች አራተኛው ላይ «ኔስት ፒው»። ስም በእንግሊዝኛም ያው ስም ነው! ጣቴን አስቀምጬ ኦልዌንን ጠራኋት፤ ሌላ ኔስት ፒው እንዳይሆን ብዬ ነው። «ፓታጎኒያ ይላል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አልነግርሽም፤ የእሑድ ቆቤ እስካሁን ከጭቃው አልነጻም።

ሌላም አለ። ፕሮፌሰር ሮደሪክ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ «ስለ ሕንፃው የጻፈችውን አይቼዋለሁ። ሰዋስዉ ምስቅልቅል ነው። ፈታኞቹ ግን ጮክ ብለው አነበቡት» አለኝ። ምን እንደጻፍሽ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። አንቺ ራስሽ በእኛ አፍ ትነግሪኛለሽ።

ከዚያ በባሕሩ ዳር መንገድ ሄድኩ። እስከ ጫፍ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የከተማ ሰው ሆኜ፣ ስንቱን ተማሪ «ዕብድ» ብዬ የተሳደብኩ ሴት! የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች መረብ እየጠገኑ ነበር፤ ሁሉም ያዩኛል። ዘወር በሉ አላልኩም። የመጀመሪያውን ባንቺ ስም ጠለዝኩት። ሁለተኛውን ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ በነበረው ልጅ ስም፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ። ጣቴ አብጧል። ለአባትሽ ጻፊለት። ድመቷም ሞታለች በይው፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ለምን እንደሚጠልዙት አሁን አውቄዋለሁ። ለማስረዳት ግን አልችልም። መጥተሽ ራስሽ ሞክሪው።

ሰላምታው ይኸውልሽ፤ ባሕሩን ያሻገረሽ አምላክ የቀረሽን አንድ ቀን በሰላም ያድርግልሽ። ወደ ባሕር የሚያየው ክፍል ላንቺ ነው፤ ማንም አልገባበትም። ሣጥንሽን ከነእሾሁ አምጪው። ቅቤ ግን ይዘሽ እንዳትመጪ። መደርደሪያዬ ላይ ያንቺ ስም አይጻፍም፤ አንቺ የምትበይው ከእኔ ጋር ነው።

አክስትሽ ሾኔድ